ሞተሩ ሄዷል

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐምሌ ሲገባ ማታ ማታ ጋቢ ሳይደርቡ በረንዳ ላይ መቀመጥ ድፍረት ነው። በዚች ከተማ ሱቅ ገብታችሁ ለስላሳ ስታዙ ባለሱቁ «ከፍሪጅ ይሁን ከውጪ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አብዛኛው ደንበኛ «ከውጪ» ይላል። ጉሮሮ አለ፣ ቶንሲል አለ፣ ብርድ አለ። ታዲያ ያ ባለሱቅ ቀንና ሌሊት መብራት እየከፈለ የሚያቀዘቅዘውን ጠርሙስ ማን እንዲጠጣለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ፍሪጁ ግን በመስታወት በሩ አብርቶ ቆሟል። እሱ ከሌለ ሱቁ ሱቅ አይመስልማ!

የመኖሪያ ቤት ፍሪጅ ማዕረጉ ከዚህም ይልቃል። ቦታው ጓዳ ሳይሆን ሳሎን ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ እንግዳ በሩን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ላይ። አናቱ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጅ ፎቶ። ከሀዲያና ከከምባታ ወደዚያ የተሻገረው ወጣት ብዛት አገር ያወቀው ነው። ከጆሃንስበርግ የተላከው ገንዘብ ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሾኔ ሲደርስ መጀመሪያ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሶፋ፣ ከዚያ ፍሪጅ። ልጁ በቪዲዮ ሲደውል «እማዬ፣ እስቲ ፍሪጁን አሳይኝ» ይላል። እናት ስልኩን አዙረው በሩን በኩራት ይከፍታሉ። ውስጡ አንድ ጆግ ውኃ፣ ጥቂት ሎሚ፣ ለበዓል ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች፣ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ የቤት ካርታ። ፍሪጁ ቁልፍ ያለው ከሆነ ስኳሩም እዚያው ነው። ቆጣሪው እንዳይሮጥ ሶኬቱ የሚነቀልበት ቤትም አለ፤ እዚያ ቤት ያለው ፍሪጅ ነጭ ቁም ሳጥን ነው ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው ይህ ሕዝብ ምግብ ማቆየትን ከማንም የሚማር አለመሆኑ ነው። እንሰት ተፍቆ፣ በኮባው ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይቆያል። መብራት ቢጠፋ ቆጮው ግድ የለውም። ቅቤውም በዕቁብ ተጠራቅሞ፣ በቅመም ተነጥሮ መስከረምን ይጠብቃል። ፍሪጁ የገባው እንግዲህ ሥራው አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀበት ቤት ውስጥ ነው። ሥራ ባይኖረውም ግን አንድ ቀን መታመሙ አይቀርም።

የሚታመመውም እንዲህ ነው። «ቀጭ» ይላል፤ ጥቂት ጉም ጉም ይላል፤ እንደገና «ቀጭ» ይልና ያርፋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥርዓት ከለቅሶ ቤት ብዙም አይለይም። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ «አዬ!» ይላል፤ አንዷ ጆሮዋን በጎኑ ትለጥፋለች፤ መታ መታ አድርጎ የሚያባብለውም አይጠፋም። «ትናንት እኮ ደህና ነበር» ይባላል። መጨረሻ ላይ ከመካከላቸው ጠና ያለው፣ ብዙ ጊዜ አንድ የመኪና ባትሪ ነካክቶ የሚያውቅ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ብይኑን ይሰጣል፤ «እትዬ፣ ሞተሩ ሄዷል።»

ይግባኝ የሚል የለም። «ሞተሩ ሄዷል» ሲባል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ቃሉ ከባድ ነው፣ ያስከብራል። «ሶኬቱ ላልቷል» ቢባል ያ ሁሉ ሰው በከንቱ ነው የተሰበሰበው ማለት ነው። እናም ኮምፕሬሰሩ፣ ከኋላ በታች በኩል ዝም ብሎ የተቀመጠው ጥቁር ብረት፣ ጎረቤቶቹ ያጠፉትን ሁሉ ተሸክሞ ይፈረድበታል።

ያ «ቀጭ» ግን የሞተሩ ኑዛዜ አይደለም። ኦቨርሎድ የሚሉት መከላከያ ድምፅ ነው፤ ሞተሩ መነሣት ሲያቅተውና ሲግል መብራቱን ይቆርጥለታል፣ ሲበርድ ይመልስለታል። ፍሪጁ እየነገራቸው ያለው «ልነሣ አልቻልኩም» ብሎ ነው። ለምን አልቻለም? ይህን የጠየቀ የለም።

አንዱ ምክንያት ጎረቤት ቤት ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ፍሪጅ ተነሥቶ ሲሮጥ የሚበቃው ከ100 እስከ 150 ዋት ነው። ምሽት ላይ በአንድ መስመር ያሉ ቤቶች ሁሉ ምጣድ ሲጥዱ 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 160 ይወርዳል። የሞተር የመነሻ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው፤ በካሬው ነው። በ160 ቮልት ጉልበቱ ግማሽ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። እንግዲህ ወይዘሮዋ በወዲያኛው ግቢ እንጀራቸውን ይጋግራሉ፣ በወዲህኛው ፍሪጁ ያቃስታል፣ ሰፈሩም ሞተሩን ይቀብራል። የራት ሰዓት አልፎ ምጣዱ ሲወርድ «የሞተው» ሞተር በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ሲያጉረመርም ደግሞ «ተአምር!» የሚል ይገኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ችኮላችን ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተመጣጠነም፤ ለመመጣጠን ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሞተሩ በዚያ ግፊት ላይ ተነሥ ሲባል እምቢ ይላል፣ ይግላል፣ «ቀጭ»። መብራት በአንድ ምሽት እየተመላለሰ ብልጭ ድርግም ሲል ይኸው ይደጋገማል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ገበያው ላይ አለ። ፍሪጁን በስንት ሺህ ብር የገዛ ሰው ግን መከላከያው ጋ ሲደርስ ኪሱ ይጠብቃል፤ ፍሪጁን ከቴሌቪዥኑ፣ ከዲሹና ከስልክ ቻርጀሩ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ደርድሮ እግዚአብሔር ይጠብቀው ይላል።

ሦስተኛዋ ጥፋተኛ በጣም ትንሽ ናት። ከሞተሩ ጎን በላስቲክ ክዳን ሥር የምትሰካ ሪሌ ትባላለች፤ በብዙዎቹ ፍሪጆች ውስጧ ሳንቲም የምታክል የሴራሚክ ቁራጭ አለች፣ ሞተሩን አስነሥታ ገለል የምትለው እሷ ናት። ነቅላችሁ ጆሮ አጠገብ ብትነቀንቋትና ብትንኳኳ ተሰብራለች ማለት ነው። ዋጋዋ ከሞተሩ ዋጋ አጠገብ ስሙ አይነሣም። በእሷ ጥፋት ስንት ጤነኛ ሞተር ከነነፍሱ ለቆራሌው እንደተሸጠ ቆራሌው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሞተሩ በእውነት መሄዱን ማወቅ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ሶኬቱን መንቀል፣ ክዳኑን ማንሣት፣ ሪሌዋንና ኦቨርሎዱን ማውጣት። ሦስት የብረት ጫፎች ይታያሉ። በቴስተር ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ በኦም መለካት ነው፤ ሦስት ቁጥር ይወጣል። ትልቁ የሁለቱ ትንንሾች ድምር ከሆነ፣ ለምሳሌ 12 እና 18 ወጥተው ሦስተኛው 30 ቢሆን፣ የውስጡ ጥቅል ሽቦ ደህና ነው። አንዱ ጫፍ ከሁለቱም ጋር ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ከሦስቱ አንዱ ከሞተሩ ብረት ገላ ጋር ንባብ ካሳየ አበቃ፤ ባልቦላውን የሚጥለውና በሩን የነካውን ሰው የሚነዝረው እሱ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ደህና ሆኖ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ ግን የማይገፋም አለ፤ ቫልቩ አልቋል፣ ከኋላ ያለው ፍርግርግ ቧንቧ ሰዓታት ሮጦ እንኳ አይሞቅም። ኢንቨርተር የተባሉት አዳዲሶቹ ግን ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ሦስቱም ንባብ እኩል ነው፣ የሚነዳቸውም ቦርድ ነው። እነሱን «ቀጥታ ከመብራት ጋር አገናኝቼ ልሞክረው» ማለት ገና ያልሞተውን መግደል ነው።

ይህን ሁሉ ለመለካት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ታዲያ ለምን አይለካም? እዚህ ላይ ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል። ሆሳዕና ውስጥ ሙያውን በወጉ የተማሩ፣ ቴስተሩንም ሲሊንደሩንም በባጃጅ ጭነው የሚዞሩ ልጆች አሉ። አንዱ እንዲህ ዓይነት ልጅ መጥቶ፣ ለክቶ፣ «እትዬ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ቮልቱ ነው ያነሰው» ቢል የሚያገኘው ምንድን ነው? ቡና ይጠጣል፣ ይመረቃል፣ ይሸኛል። ሒሳብ ሲጠይቅ «እንዴ! አይተህ ብቻ? ምን ሠራህና?» ይባላል። ሌላው መጥቶ ቴስተር ሳያወጣ ጎኑን መታ አድርጎ «ሞተሩ ሄዷል» ካለ ግን ቀብድ ይቀበላል፤ አዲሱን ሞተር ገዝቶ ሲመለስ ደግሞ ዶሮ ወጥ ሊጠብቀው ይችላል። ለምርመራ የማይከፍል ሰፈር ፍርድ ይሸጥለታል። ልጁም ሞኝ አይደለም፣ የቤት ኪራይ አለበት።

በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ከሆነች በኋላ፣ ቢሮውም ተከራዩም ፍሪጁም በዝቷል። ብዙው ፍሪጅ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ በአለም ገና፣ ቡታጅራና ወራቤ አድርጎ 230 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ብዙ ጊዜ አይሱዙ ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ ከላዩ ፍራሽና የዶሮ ቅርጫት ተጭኖበት። ጎኑ ላይ ሲተኛ የሞተሩ ዘይት ወደ ቧንቧዎቹ ይሸሻል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዘይቱ እስኪመለስ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ማን ይጠብቃል? ዕቃው ከመኪናው ገና ሳይወርድ ማራዘሚያ ገመድ በመስኮት ይወጣል፤ «እስቲ ይሠራ እንደሆን እንየው!»

«ሞተሩ ሄዷል» ያልተባለለት ፍሪጅ «ጋዝ አልቋል» ይባልለታል። ይህኛው ብይን ከቡታጋዝ የተወረሰ ይመስለኛል፤ ሲሊንደር ስላለቀ ፍሪጅም ማለቅ አለበት። የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ ቡታጋዝ እየነደደ አያልቅም፣ አይበላም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ይኖራል። ጎደለ ማለት ሾለከ ማለት ነው፤ ሾለከ ማለት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ማን ቀደደው? ብዙ ጊዜ መልሱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቢላዋ ይባላል። ፍሪዘሩ በረዶ ሲሠራ፣ የሥጋው ፌስታል ሲጣበቅ፣ ከወጥ ቤት ቢላዋ ይመጣና በረዶው ይወጋል። ከበረዶው ሥር ያለው ስስ አሉሚኒየም ቧንቧ «ሽሽሽ» ይላል። በቤቱ ያለ ሁሉ ይህን ድምፅ ሰምቷል። ባለሙያው «ምን ነክቶት ነው?» ሲል ግን ሁሉም አንድ ቃል ነው፤ «ኧረ በራሱ ጊዜ ነው፣ ጋዙ አልቆ ነው።» እሱም ቀዳዳውን ሳይፈልግ ይሞላል፣ ለጥቂት ሳምንት ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ይሞቃል፣ ተመልሶ ይሞላል። እንዲህ ያለ ፍሪጅ የገቢ ምንጭ ነው፤ ለባለቤቱ ግን አይደለም።

ጋዙም አንድ ዓይነት አይደለም። አሮጌዎቹ አር12 ነበራቸው፤ የኦዞንን ንጣፍ ይጎዳል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ተፈርዶበት በ2010 በታዳጊ አገሮችም ቆመ። ከእሱ በኋላ አር134ኤ መጣ፤ እሱም ምድርን ያሞቃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ እንዲቀንስ ተወሰነ። የዛሬዎቹ በብዛት አር600ኤ ናቸው፤ ኦዞን አይነካም፣ ግን እሳት ይይዛል። መጠኑ ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ነው፤ ሞተሩም ለእሱ ተለክቶ የተሠራ ነው። የትኛው ጋዝ ስንት ግራም እንደሚገባ ከፍሪጁ ኋላ ወይም ውስጥ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቷ ግን ለውበት ሲባል ተልጣለች፣ ወይም በልጆቹ ስቲከር ተሸፍናለች። በዚህ ላይ በአንድ ሲሊንደር ከተማውን የሚዞር ሰው «ጋዝ ያው ጋዝ ነው» ሲላችሁ ለአር600ኤ የተሠራውን ሞተር በአር134ኤ ሊያፍነው ነው፤ ከዚያ በእርግጥም ሞተሩ ይሄዳል። የባሰውም አር600ኤውን ሳያስወጣ የብየዳ እሳት ይዞ የሚጠጋው ነው፤ ያኔ ሰፈሩ የሚያለቅስለት ነገር በእውነት ሊያገኝ ይችላል።

በነገራችን ላይ በዚህ ሞተር ያልተደሰተ ትልቅ ሰው ነበረ። በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ በሾለከ መርዛማ ጋዝ ማለቁን የሰማው አልበርት አንስታይን ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ ጭራሽ የሚዞር ነገር የሌለው ፍሪጅ ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ሊቁ ሞተሩን ማስወገድ ቀለለው፤ ለእኛ መወንጀሉ ቀሎናል።

እሺ፣ ተለክቶ፣ ተመርምሮ፣ ሞተሩ በእርግጥ ሄዶ ይሁን። ይቀየራል። ባለቤቱ እዚህ ላይ አስተያየት አያጣም፤ «ወንድሜ፣ ከቀየርክ አይቀር ተለቅ ያለውን አድርግልኝ።» 1/6 ፈረስ ጉልበት የነበረው በ1/4 ይተካል። ቀጭኗ ካፒላሪ ቧንቧና ፍርግርጉ ግን ለቀድሞው የተለኩ ናቸው፤ ትልቁ ሞተር መብራት ይበላል፣ ይጮኻል፣ ቅዝቃዜ አይጨምርም። ጎረቤት ግን ጩኸቱን ሰምቶ «ይሄ ነው ሞተር!» ይላል።

ብየዳው ካለቀ በኋላ የሚዘለሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ፊልተሩ ነው፤ ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር መለወጥ ያለበት፣ እርጥበት የሚይዝ ትንሽ የመዳብ ቱቦ። ሌላው ቫኪዩም ነው፤ በቧንቧው ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ስቦ ማውጣት፣ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም የሚፈጅ ሥራ። የቸኮለ ሰው አየሩን በጋዙ ገፍቶ «ፍስስ» አድርጎ ያስወጣና ይዘጋል። የቀረችው ጠብታ እርጥበት ካፒላሪው ጫፍ ላይ በረዶ ሆና ትዘጋለች፤ ፍሪጁ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት ይሞቃል፣ ሲሞቅ በረዶዋ ትቀልጥና ማታ እንደገና ይቀዘቅዛል። ጎረቤት ተሰብስቦ ይህን ካየ በኋላ ብይኑ ያው ነው፤ «አዲሱም ሞተር ሄዷል፣ ቻይና ነው።»

የዓመቱ ትልቁ ፈተና መስከረም ላይ ይመጣል። የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በዓላት ሲደርሱ ዓመቱን ሙሉ ሎሚ ሲጠብቅ የኖረው ፍሪጅ ባንድ ጊዜ ሥራ ያገኛል። በሬው ይታረዳል፣ የቅርጫው መደብ ገና እየሞቀ ወደ ቤት ይመጣል፣ ያ ሁሉ ሥጋ በየፌስታሉ ፍሪዘሩ ውስጥ ታጭቆ በሩ በጉልበት ይዘጋል። የቤት ፍሪጅ በ24 ሰዓት ከትኩስ ወደ በረዶ ሊያደርስ የሚችለው ጥቂት ኪሎ ሥጋ ብቻ ነው፤ እሱም አየር የሚዞርበት ክፍት ቦታ ሲኖር። ቴርሞስታቱ መጨረሻው ቁጥር ላይ ይዞራል፣ ሞተሩ እንዲፈጥን ተብሎ። አይፈጥንም፤ ቁጥሩ መቼ እንደሚያርፍ ነው የሚነግረው፣ አሁን ግን ዕረፍት የለም። ከኋላ ሙቀቱን የሚያወጣበት ፍርግርግ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፣ በላዩ ዳንቴሉ ወርዶበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሥጋው እንዲታይ በሩ ይከፈታል። የበዓሉ ምግብ አታካና በቅቤ ርሶ በፊት ለፊት እየተበላ ሞተሩ ከኋላ ሌት ተቀን ይሮጣል፣ ይግላል፣ በሦስተኛው ቀን «ቀጭ» ይላል። የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ፤ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገዋል።

እንግዲህ ለመስከረም ስትዘጋጁ እግረ መንገዳችሁን ይህችን ስሙኝ። ዳንቴሉን ከኋላ ሰብስቡት፣ ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። የተጠራው ባለሙያ ቴስተር ሳያወጣ ከፈረደ ቡናውን አጠጡና ሸኙት፤ ለክቶ «ደህና ነው» ላላችሁ ግን ክፈሉት። ሞተር ከተቀየረ ፊልተሩ አብሮ መቀየሩን በዓይናችሁ እዩ፣ አሮጌውን ሞተር ተቀበሉ፤ ውስጡ ያለው መዳብ የእናንተ ነው። በረዶውን ደግሞ በቢላዋ አትውጉት። ሶኬቱን ነቅላችሁ በሩን ከፍታችሁ ተዉት፤ በሆሳዕና ብርድም ቢሆን በጥቂት ሰዓት ይቀልጣል።